የሱሉልታ ሌሊትና የላስቲክ መደብ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8

ሥራው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትርን ያልፋል። ቦታው ሰፊ አይደለም፤ የቤቱ ጓሮና ከእሱ ጋር የተያያዘች ቁራጭ መሬት ናት። አፈሩ ጥቁር ኮትቻ ነው። ውሃ ከጉድጓድ በፓምፕ ስበን ሮቶ ውስጥ እናጠራቅማለን፤ ስለዚህ በበጋ ለማምረት ውሃ አላጣንም። ያስቸገረን ብርዱ ነው።

ዕቅዱ ፎሶሊያና ዝኩኒ ለዐቢይ ጾም መግቢያ ማድረስ ነው። ዘንድሮ ጾሙ የካቲት 9 ይገባል። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አትክልት የማይፈልግ ቤት የለም፣ ዋጋውም ደኅና ይሆናል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጠር ዘሩ ኅዳር መጨረሻ ላይ መሬት መግባት አለበት። ኅዳር መጨረሻ ደግሞ እዚህ ሜዳ ላይ ሌሊቱ የሚከፋበት ወቅት ነው። አምና በዚሁ ሰሞን የተዘራው ፎሶሊያ ገሚሱ አፈር ውስጥ በስብሶ ቀረ። የተረፈውም ተንጠባጥቦ ነበር የወጣው፤ አንዱ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ሌላው ገና አፈር ይገፋል።

ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም። የፎሶሊያ ዘር አፈሩ 10 ዲግሪ ከሆነ ጭራሽ አይበቅልም። 15 ዲግሪ ላይ ብቅ ለማለት 16 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ 20 ላይ 11 ቀን፣ 25 ላይ 8 ቀን ይበቃዋል። ቲማቲምማ ይብሳል፦ በ10 ዲግሪ አፈር 43 ቀን ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 8 ቀን ብቻ። ዘር በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ በቆየ ቁጥር ሻጋታና ትል ይቀድሙታል። ስለዚህ አፈሩን አምስት ዲግሪ እንኳ ከፍ ማድረግ ከተቻለ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የሱሉልታ ብርድ የፀሐይ እጥረት አይደለም። በኅዳርና በታህሳስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አትጠፋም፣ እኩለ ቀን ላይም በጣም ከፍ ትላለች። ችግሩ ያው የጠራ ሰማይ ሌሊት የአፈሩን ሙቀት ሁሉ ይዞት መሄዱ ነው። ደመና ባለበት ሌሊት ውርጭ የማይኖረው ለዚህ ነው። የያዝኩት ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከቀኑ ፀሐይ ለሌሊቱ እንዴት ማስቀረት ይቻላል?

ኅዳር 10

አፈሩ ላይ ለማነጥፈው ላስቲክ ግዢ፣ መርካቶ። አዲሱን ከጥቅል እየቆረጡ በኪሎ ይሸጡታል፤ አሮጌውን ደግሞ ምናለሽ ተራ አገኘሁ፣ ከአበባ እርሻ ግሪንሃውስ ላይ የወረደ ወፍራም ላስቲክ። ነጋዴው «የኔ እናት፣ ይሄን ውሰጂ፣ ወፍራም ነው፣ አይቀደድብሽም» አለኝ። ስለ ውፍረቱ እውነቱን ነው፤ ግን መሬት ላይ ለማንጠፍ ወፍራም አያስፈልግም።

በኪሎ ለሚገዛ ሰው ይህን ማስላት ይጠቅማል። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ኪሎ ላስቲክ 36 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነው አንድ ኪሎ ግን አምስት ካሬ ሜትር ከግማሽ ቢሸፍን ነው። አፈሩ ላይ ለሚነጠፈው ቀጭኑን ነጭ፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፈውን፣ ገዛሁ። ለማነጻጸሪያ ከዚያው ውፍረት ጥቁርም ጨመርኩ። የግሪንሃውሱን አሮጌ ወፍራም በኋላ በመደቡ ላይ ለምተክለው የቀርቀሃ ቅስት መሸፈኛ ያዝኩት። የአበባ እርሻ ላስቲክ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እንዳይበላው መከላከያ ተጨምሮበት ነው የሚሠራው፤ ተራው ላስቲክ ግን በደጋ ፀሐይ በጥቂት ወራት ውስጥ እየተሰባበረ ይረግፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ያ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ ሱሉልታ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለግሪንሃውስ ላስቲክ መጠቀምን የጀመረው የአሜሪካው ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ኤመሪ ኤመርት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948። መስታወት ውድ ስለነበር ርካሽ ነገር ፈልጎ ነው ወደዚህ የመጣው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ ከመነሻው አቅም ለሌለው ሰው የታሰበ ነበር።

ኅዳር 13

መደብ ማውጣት። አራት መደቦች፣ እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ አላቸው። አንደኛው ነጭ ላስቲክ፣ ሁለተኛው ጥቁር ላስቲክ፣ ሦስተኛው ባዶ አፈር፣ አራተኛው የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ።

ኮትቻን ያረሰ ያውቀዋል፤ ጠንክሮ ሲደርቅ ጓሉ በዶማ ጀርባ ካልተመታ አይፈርስም፣ ሲረጥብ ደግሞ ከዶማው ላይ አይለቅም። የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው። ማታ ውሃ አጠጣሁትና በማግስቱ እጅ ላይ ሲጨበጥ የሚጠቀለል፣ በአውራ ጣት ሲነካ የሚፈርስ ሲሆን ገባሁበት። ጓሉን ሁሉ አድቅቄ፣ የደቀቀ ፍግ ከላይ ደባልቄ፣ በጣውላ ጠርዝ ደለደልኩት። ይህ የማማር ጉዳይ አይደለም። ላስቲኩ አፈሩን ካልነካ በመካከላቸው አየር ይቀራል፣ አየር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ለጥቁሩ ላስቲክ በተለይ ይህ ወሳኝ ነው፤ እሱ ራሱ ሞቆ ነው ሙቀቱን በመነካካት ወደ አፈር የሚያሳልፈው። ነጩ ጨረሩን ራሱን ስለሚያሳልፍ ትንሽ ክፍተት ይችላል።

ከማንጠፌ በፊት መደቡን እስኪጠግብ አጠጣሁት። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ሁለት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይይዛል፣ ወደ ታችም በቶሎ ያወርደዋል። ደረቅ አፈር ላይ ላስቲክ ቢነጠፍ ላይኛው ይግላል እንጂ ከሥሩ ምንም አይጠራቀምም።

ያነጠፍኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በሙቀት ተወጥሮ ጠርዙ ከተቀበረ ማታ ሲቀዘቅዝ ራሱን ይወጥራል። በጠዋት ብርድ የተነጠፈ ግን እኩለ ቀን ላይ ይላላና ነፋስ ይገባበታል። ጠርዙን በሁለቱም ወገን አንድ ስንዝር ያህል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አስገብቼ አፈር መልሼበት በእግሬ ጠቀጠቅሁት።

ጎረቤታችን አዛውንቱ በአጥር ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረሱ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ዝናብ እንዳይገባው ነው?»

«አይ አባባ፣ አፈሩ እንዲሞቅ ነው። ፎሶሊያ ልዘራበት ነው።»

ዝም ብለው የመደቦቹን አቀማመጥ አዩና ወደ ታችኛው ጫፍ እያመለከቱ፦ «እዚያ ጋ አትዝሪ። እዚህ ሜዳ ላይ ውርጭ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ በምሽት ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል፣ አጥር ወይም ግንብ ከዘጋበት እዚያው ይጠራቀማል። ከታች ያለው የቆርቆሮ አጥራችን ለዚህ የተመቸ ነው። ሁለት ቆርቆሮ ከሥሩ ፈትቼ አየሩ የሚያልፍበት ክፍተት ሠራሁ፤ የታችኛውን ጫፍ ለጎመን ተውኩት፣ እሱ ብርድ ይችላል።

ኅዳር 18

የመጀመሪያው ልኬት። የምጠቀመው ቴርሞሜትር ለማዕድ ቤት የተሠራ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ነው፤ ግማሽ ስንዝር ያህል አፈር ውስጥ እሰካዋለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ነው የማነበው፦ ጠዋት 1 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት።

ጠዋት፦ ነጭ 17፣ ጥቁር 14፣ ባዶ 12፣ ጭድ 13።
ከሰዓት፦ ነጭ 25፣ ጥቁር 21፣ ባዶ 18፣ ጭድ 15።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሌሎቹ ቀናትም ከዚህ ብዙም አይርቁም።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የጠዋቱ ቁጥር ነው። ከሰዓት ፀሐይ ላይ ማንም ይሞቃል፤ ሌሊቱን አልፎ 17 ዲግሪ ላይ መገኘት ግን አፈሩ ከቀኑ ማስቀረቱን ያሳያል። ነጩ ከጥቁሩ ለምን እንደበለጠ ላስቲኩን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል። ከሥሩ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ሞልቶታል፤ ጠዋት ላይ ነጭ ጭጋግ ይመስላል፣ በጣት ሲነካ ጠብታዎቹ ተጋጥመው ይወርዳሉ። ላስቲክ ብቻውን ሲሆን ከአፈር የሚወጣውን የሙቀት ጨረር በአብዛኛው ያሳልፈዋል። የውሃ ጠብታ ግን አያሳልፍም። ቀን የሚመጣው ብርሃን ደግሞ በጠብታውም በላስቲኩም አልፎ ይገባል። ላስቲኩን ጥሩ መሸፈኛ ያደረገው ውሃው ነው ማለት ይቻላል፤ ማጠጣቱ ሁለት ጊዜ የጠቀመው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት ትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከአፈር ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ባዶ መደብ ቀኑን ሙሉ ሲተንበት ይውላል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ወደ ነፋስ ይሄዳል። የተሸፈነው መደብ ያንን ለራሱ ያስቀራል።

ጭዱ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ይሆናል፤ ጭድ ያሞቃል ተብሎ ነው የሚታወቀው። ጭድ ግን ይከልላል እንጂ ሙቀት አያመጣም። ፀሐይ ወደ አፈሩ እንዳትደርስ ስለሚጋርድ አፈሩ የሚያስቀረው ነገር አያገኝም። በሚያዝያ ሙቀት፣ ውሃ በሚያጥርበት ጊዜ፣ ከጭድ የተሻለ የለም፤ ለታህሳስ ዘር ግን አይሆንም።

ኅዳር 21

ነፋስ። ከእንጦጦ ወገን የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ የጥቁሩን መደብ አንዱን ጠርዝ ነቅሎ አደረ። እንደገና ቀበርኩት፤ በየሁለት እርምጃው ላዩ ላይ አንዳንድ አካፋ አፈር ጨመርኩበት። ድንጋይ አላስቀመጥኩም፤ ሹል ድንጋይ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ላስቲኩን ይበሳዋል።

ኅዳር 26

ከመዝራቴ በፊት ነጩን ላስቲክ ገለጥኩት። ከሥሩ አረሙ ለምልሟል፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ለእሱም ተመችቶታል። በቆላ ሙቀት ነጭ ላስቲክ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢነጠፍ አረሙንና የአፈር በሽታውን ጭምር ሊያቃጥል ይችላል፤ እዚህ ደጋ ላይ ግን አፈሩ እስከዚያ አይሞቅም፤ አረሙን ቀስቅሶ ያሳድገዋል። ይህን ሆን ብዬ ነው የተጠቀምኩበት። ሊበቅል የነበረው ዘር በቅሎ ስላለቀ በመኮትኮቻ ላይ ላዩን ብቻ ላጥኩት። ጠልቆ መኮትኮት ሌላ የአረም ዘር ወደ ላይ ያወጣል። ከዚያ መልሼ አነጠፍኩት። ለነጭ ላስቲክ ይህ ሥራ መዘለል የለበትም እላለሁ፤ የተዘለለ እንደሆነ አረሙ ከሰብሉ ጋር እኩል ያድጋል፣ ከላስቲክ ሥር መንቀል ደግሞ አይቻልም።

ቀዳዳውን የምሠራው በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው። ከሰል ላይ አግዬ በመቆንጠጫ ይዤ ላስቲኩ ላይ ሳሳርፈው ክብ ቀዳዳ ይወጣል። በምላጭ የተቆረጠ ቀዳዳ ጠርዙ ላይ እየተቀደደ ይሄዳል፤ የተቃጠለው ግን ጠርዙ ቀልጦ ስለሚጠነክር አይቀደድም። ጭሱ ጥሩ አይደለም፤ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

ፎሶሊያውን በየቀዳዳው ሁለት ሁለት፣ ዝኩኒውን በየ70 ሳንቲ ሜትሩ አንድ አንድ ዘራሁ። የቀዳዳውን ዙሪያ በአፈር ደፈንኩት። ካልተደፈነ እኩለ ቀን ላይ ከላስቲኩ ሥር የሚወጣው ትኩስ አየር በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው መውጫ የሚያገኘው፤ የለጋውን ግንድ አንገት ይቀቅለዋል።

ታህሳስ 6

ነጩ መደብ ላይ ፎሶሊያው ወጥቷል፣ በሚያስደስት ሁኔታ፣ አንድ ላይ። አንገቱን አጉብጦ አፈሩን ሰንጥቆ ሲነሳ በየቀዳዳው ማየት ይቻላል። ጥቁሩ ላይ አልፎ አልፎ ጀምሯል። ባዶውና ጭዱ ላይ ገና ምንም የለም። ባዶው ላይ በጣቴ ገፋ አድርጌ አንዱን ዘር አየሁት፤ አብጧል፣ ሥር ግን አላወጣም።

ዝኩኒው ከነጩ ላይ ተከታትሎ መጣ።

ጥቁሩ መደብ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አረም የለውም፣ ከእንግጫ በቀር። እንግጫ ሹል ጫፉን ልኮ ላስቲኩን በስቶት ወጥቷል። ለሱ በእጅ ከመንቀል ሌላ መላ የለም።

ታህሳስ 9

ቅስቶቹን ተከልኩ። ቀርቀሃ ሰንጥቄ፣ ጫፎቹን በመደቡ ግራና ቀኝ ቀብሬ፣ በላዩ የግሪንሃውሱን አሮጌ ላስቲክ አለበስኩት። መጀመሪያ በሳሙናና በስፖንጅ አጠብኩት፤ ላዩ ላይ የቆየው አቧራ ብዙ ብርሃን ይቀንሳል። ቅስቱ ቀርቀሃ እንዲሆን የፈለግሁት ቶንዲኖ ፀሐይ ላይ በጣም ስለሚግልና የሚነካውን ላስቲክ በቶሎ ስለሚያበላሽ ነው። ባዶውንና ጭዱን መደብ ግን ሳልሸፍን ተውኳቸው፤ ማነጻጸሪያ ናቸው።

መሬት ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ሥራው ሥርን ማሞቅ ነው። ቅጠልን ከውርጭ አያድንም። ቅጠሉ ከላስቲኩ በላይ ነው፣ ሰማዩን እያየ ነው የሚያድረው። እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ታህሳስ 14

ውርጭ መጣ። ጎረቤታችን ማታ ላይ ነፋሱ ቀጥ ማለቱን አይተው ልጃቸውን ልከው አስጠንቅቀውኝ ነበር። እኔም ምልክቱን አይቼው ነበር፦ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አንድም ደመና የሌለው፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት።

ለመፈተን ያሰብኩትን ያን ሌሊት ፈተንኩት። የነጩን መደብ ቅስት ገሚሱን በላስቲክ ብቻ፣ ገሚሱን ከላስቲኩ በላይ አሮጌ አቡጀዲና የማዳበሪያ ጆንያ ደርቤ ሸፈንኩት።

ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። የጎመኑ ቅጠል ነጭ ሆኗል። በላስቲክ ብቻ የተሸፈነው ገሚስ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ጋር ያለው ልዩነት ለመናገር የማይበቃ ነበር። የተደረበበት ገሚስ ውስጥ 4 ዲግሪ አነበብኩ። ላስቲክ ሌሊት የሙቀት ጨረሩን ያሳልፋል ያልኩት ይህ ነው፤ በጠራ ሌሊት፣ ቀጭን ላስቲክ ብቻውን የተጣለበት ቅስት ከውጭው ሊቀዘቅዝ እንኳ ይችላል። ጨርቁ ግን ያንን ጨረር ይዘጋዋል። ለውርጭ ጨርቅ ነው መድኃኒቱ፤ የላስቲኩ ሥራ ጤዛና ነፋስ መከላከል ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ጉዳቱ ታየ። ላስቲክ ብቻ በነበረው ገሚስ፣ ቅጠሎቹ ላስቲኩን የነኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ጠቁረዋል። ከላስቲኩ የራቀው ቅጠል ደኅና ነው። የጠቆረው ቅጠል እጅ ላይ ውሃ ያዘለ፣ የተቀቀለ ጎመን ዓይነት ልስላሴ አለው። በጨርቅ የተደረበው ገሚስ ምንም አልሆነም።

ባዶውና ጭዱ መደብ ላይ በጊዜው የወጣው ጥቂቱ ነበር። ከጭዱ ላይ የወጣው ሁሉም ተቃጠለ፤ ከባዶው ላይ ግን አንዳንዱ ተርፏል። ባዶ እርጥብ አፈር የቀን ሙቀቱን ሌሊት ወደ ላይ እየለቀቀ ቅጠሉን ትንሽ ያግዘዋል፤ ጭድ ያንን ትንፋሽ ይዘጋበታል። ውርጭ በሚፈራበት ሰሞን ቀን ላይ መደብ ማጠጣትና ጭዱን ወደ ጎን መግፋት ምንም ወጪ የለውም፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ታህሳስ 20

ከገብርኤል ማግስት። አሁን ሥራው መክፈትና መዝጋት ሆኗል። ቅስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይከፈት ከቀረ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የፎሶሊያ አበባ እንዲህ ባለ ሙቀት ይረግፋል። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳለች፣ እዘጋዋለሁ፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ መዝጋት ብርዱን ከውስጥ መያዝ ነው። ጨርቁን ሲመሻሽ እደርባለሁ።

የሃይላንድ ጠርሙሶች ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ ውሃ ሞልቼ በቅስቱ ውስጥ በየተክሉ መካከል ደረደርኳቸው። ቀን ይሞቃሉ፣ ሌሊት ቀስ ብለው ይለቃሉ። ጠርሙሶቹ ሰፈር ውስጥ በነጻ ይገኛሉ። የሚሰጡት ሙቀት ከጨርቁ ጋር አይወዳደርም፤ ግን ጨርቅ እየተደረበ በእነሱ አጠገብ ያለው ተክል ጠዋት ጠዋት ጤዛው እንኳ ይቀንሳል።

ጥር 4

ዝኩኒው አበባ አውጥቷል። የዝኩኒ አበባ የሚከፈተው ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ይዘጋል። ቅስቱ በዚያ ሰዓት ካልተከፈተ ንብ አይገባም፣ ንብ ካልገባ ፍሬው ጫፉ ላይ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ብርድ ቢሆንም ፀሐይ ቅስቱን እንደነካች አንዱን ጎን እገልጣለሁ። ጎረቤታችን ሁለት ቀፎ አላቸው፤ የእሳቸው ንቦች ቀድመው አገኙት። ደግነቱ ንቦቹ ብዙ ናቸው፣ በእጅ ማዳቀል አላስፈለገኝም።

ከጥምቀት በኋላ

ሌሊቱ እየለዘበ ነው። ቅስቱን አንስቼዋለሁ፣ ጨርቁ ግን በእጅ ነው። የመሬቱ ላስቲክ አልተነሳም። ፎሶሊያው መደቡን ሸፍኖ ስለሚያጠላበት እኩለ ቀን ላይ አፈሩ ከመጠን በላይ ይግላል የሚል ፍርሃቴ ቀረ። የጠብታ መስኖው ቱቦ ከላስቲኩ ሥር ነው፤ ከባዶው መደብ ጋር ሳነጻጽር በግልጽ ያነሰ ውሃ ነው የሚፈልገው። ሮቶ ለመሙላት ለፓምፕ ነዳጅ ለሚያወጣ ሰው ይህ ብቻውን ምክንያት ነው።

የካቲት 3

መልቀም ከተጀመረ ቆየ። ነጩ መደብ ለጾሙ ደርሷል፣ ጥቁሩ ከሱ አንድ ሳምንት ያህል ቀርቶ ተከተለው። ባዶው ገና እያበበ ነው። ጭዱ ላይ የተረፈው ለመናገር አይበቃም።

የመጀመሪያውን ፎሶሊያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ አልላክሁትም፤ ብዛቱ ለዚያ አይበቃም። የሰፈር ሱቅና ጉሊት ናቸው የወሰዱት። አንዷ የጉሊት እናት ፎሶሊያውን ሰብራ ድምፁን ሰማችና «ይሄ ከዝዋይ የመጣ አይደለም፣ ዛሬ የተለቀመ ነው» አለች። ከዝዋይና ከመቂ የሚመጣው ከእኛ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ ሞቃት ቦታ ነው፤ ቀድሞ መድረሱ አያስገርምም። ሱሉልታ ላይ ለጾም መግቢያ ደርሶ፣ በተለቀመ ዕለት መሸጡ ግን በሁለት እጄ የምይዘው ትርፍ ነው።

ለከርሞ እንዲህ እንዲሆን ወስኛለሁ፦ በቀጥታ ለሚዘራ ነገር፣ እንደ ፎሶሊያና እሸት በቆሎ ላለው፣ ነጭ ላስቲክ፤ በችግኝ ለሚተከለው ዝኩኒ ጥቁር። ችግኝ ከሆነ የብቅለቱን ችግር ቤት ውስጥ በፖሊቲን ቱቦ አልፎ ስለሚመጣ፣ ከነጩ ተጨማሪ ሙቀት ይልቅ የጥቁሩ አረም አለማብቀል ይጠቅመዋል።

የካቲት 14

ላስቲኩን ማንሳት። ለዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ እጠነቀቃለሁ።

ቻይና ይህን ዘዴ ከጃፓን የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የመሬት ላስቲክ በብዛት የምትጠቀም አገር እሷ ናት። ምርቷ አደገ፣ ግን ለዓመታት የተነጠፈው ስስ ላስቲክ እየተቀዳደደ አፈር ውስጥ ቀረ። የተከማቸው ቅዳጅ የሥርንና የውሃን መንገድ ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ደረጃ የመሬት ላስቲክ ውፍረት ከ0.01 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ወሰነች፤ ከዚያ የሳሳ ላስቲክ ሲነሳ ይበጣጠሳልና። የእኛም አገር ሕግ ውፍረትን አይቶ ነበር የጀመረው፦ የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነን ፌስታል ነበር የከለከለው። ኅዳር ላይ 0.03ን የመረጥኩት ይህን ሁሉ አስቤ ነው፤ ሲነሳ ሙሉውን እንዲነሳ።

ጠርዙን በአካፋ ሳይሆን በእጄ ነው የቆፈርኩት፤ አካፋ ይቆርጠዋል። መደቡን ቀድሜ አጠጣሁት፣ ኮትቻው ሲለሰልስ ላስቲኩን ይለቀዋል። ከዚያ ከአንድ ጫፍ እየጠቀለልኩ ሄድኩ። የፎሶሊያውን ግንድ ከሥሩ ቆርጬ ሥሩን አፈር ውስጥ ተውኩት፤ ቢነቀል ቀዳዳውን እያሰፋ ላስቲኩን ይቀዳድደዋል፣ በሥሩ ላይ ያለው የናይትሮጅን እንክብልም ለሚቀጥለው ሰብል ይጠቅማል። በመጨረሻ መደቡን በጣቴ አበጥሬ የተበጣጠሰውን ለቀምኩ። ከእንግጫው ዙሪያ ብቻ ጥቂት ቅዳጅ ወጣ።

ነጩ ቀዳዳ በዝቶበታል፣ ለመሬት ዳግም አይሆንም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ለቁራሌው አስቀመጥኩት፤ ጭቃ የያዘውን አይወስድም፣ የታጠበውን ግን በኪሎ ይገዛል። ጥቁሩ ደኅና ነው፤ ቀዳዳዎቹ ለዝኩኒ በተለካው ርቀት ላይ ስላሉ ለከርሞ ችግኝ እንዳለ ይነጠፋል። የግሪንሃውሱን ላስቲክ ጠቅልዬ ፀሐይና አይጥ ከማይደርስበት ከጣሪያው ሥር ሰቀልኩት።

መደቡ ላይ ቆስጣ ዘርቻለሁ፣ ያለ ምንም መሸፈኛ። ጎረቤታችን ለኅዳር አንድ መደብ ላስቲክ እንድገዛላቸው ብር ሰጥተውኛል፤ ለእሸት በቆሎ ነው። ለእሳቸው መሬት 0.03ቱ ነጭ፣ 12 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ40 ስፋት ያለው ይበቃል፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም።